ኖር የሚሉ አግዳሚዎች

ትናንት፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ደኅና ሰው በማይተኛበት ሰዓት፣ ሕልም አየሁ።

በሕልሜ ከአራት ኪሎ ቁልቁል በሚወርድ ሰፊ ጎዳና ላይ እሄዳለሁ። ጉልበቴን ያመኛል። ይህ በውኔም ያለ ነው፤ ሕልሙ ሁሉን ነገር ሲገለብጥ የእኔን ጉልበት ብቻ እንዳለ ትቶልኛል። ከተማይቱ ግን ሌላ ነበረች። ዛፎች የሰው ጥላ ፍለጋ ከመንገደኛው ኋላ ኋላ ይከተሉ ነበር። ታክሲዎች ተራቸውን ጠብቀው ረጅም ሰልፍ ይዘዋል፤ ተሳፋሪዎች ደግሞ ማዶ ተሰብስበው፣ የቀረበውን ታክሲ ከላይ እስከ ታች ገልምጠው «ሞልተናል፤ ቀጣይ!» እያሉ ይመልሱታል። ርግቦች በሰገነት ላይ ተደርድረው ከታች ለተሰበሰቡ ጡረተኞች ጥሬ ይበትናሉ። ሁለት ጡረተኞች በአንዲት የስንዴ ፍሬ ሲጋፉ፣ አንዲት ወፍራም ርግብ «ቀስ በሉ እንጂ፤ ለሁላችሁም ይደርሳል» ስትል ሰማሁ።

በዚህ ሁሉ አልተደነቅሁም። የተደነቅሁት በአግዳሚ ወንበሮቹ ነው።

እንዴት ያሉ አግዳሚዎች ነበሩ! በጎዳናው ግራና ቀኝ፣ ከተሽከርካሪው ጫጫታ ፈንጠር ብለው፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ፊታቸውን ለእንጦጦ ሰጥተው ተደርድረዋል። መደገፊያቸው አንድ ጥበበኛ የሰውን ወገብ በመዳፉ እየዳሰሰ ያነጸው ይመስል ለስለስ ብሎ ጎብጧል። የክንድ ማሳረፊያቸው ስንት እጅ ያለሰለሰው የወይራ እንጨት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በዚህች ከተማ ማረፊያ ስፈልግ የኖርሁ ሰው ነኝ። በውኔ የማውቀው መቀመጫ ወይ የካፌ ነው፤ ሁለተኛ ማኪያቶ ካልታዘዘበት አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ደጋግሞ በመወልወል ያስነሣል። ወይ የአንድ ሕንፃ ደጃፍ ደረጃ ነው፤ «አባት፣ እዚህ አይቻልም» የሚል ዘበኛ አያጣም። በቅርቡ መንገድ ዳር የተተከለ አግዳሚ ካገኘሁም፣ ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ከረፋዱ ጀምረው ይዘውታል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ባዶ አግዳሚ ባየሁ ጊዜ የትኛውን እንደምመርጥ ቸገረኝ።

ልቀመጥ ወደ አንዱ ስጠጋ፣ ከታች በኩል ከዘራ የያዙ አንድ ሸበቶ ሰው መጡ። ፊት ለፊቴ የነበረው አግዳሚ የፊት እግሮቹን አነሣና በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኖር!» አለ።

ቀጥሎ ያለውም ተነሣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ሰውዬው ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ «በእግዜር፣ በእግዜር» ብለው አለፉ። አግዳሚዎቹ ከዓይን እስኪሰወሩ ጠብቀው፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እነሆ፣ አልሁ፣ ክብርን የሚያውቅ ከተማ! የጉልበቴን ሕመም ረሳሁት። የማረፉ ነገር ይቆየኝ፤ አስቀድሞ ስንቱ እንደሚነሣልኝ ልይ ብዬ ክራቫቴን አስተካከልሁ፣ ዱሮ ክፍል ስገባ እንደማደርገው እጄን ወደ ኋላ አጣመርሁ፣ እርምጃዬን አዘገየሁ። በመጀመሪያው አግዳሚ ፊት አለፍሁ፤ አልተነሣም። አላየኝ ይሆናል ብዬ በሁለተኛው ፊት ሳልሁ፤ ዝም። በሦስተኛው ፊት ቆሜ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ከዚያም ተመልሼ፣ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው፣ እንደገና በሁሉም ፊት አለፍሁ።

አንዱ አግዳሚ በረጅሙ አዛጋና «ወዲያ ወዲህ አትበል፤ ቁጭ በል» አለኝ።

አንተ አለኝ። እንጨት፣ አንተ አለኝ!

«ለምንድን ነው ያልተነሣኸው?» አልሁት።

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ!»

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«መምህር ተካልኝ። በዚህ ከተማ ስንቱን ያስተማርሁ፣ ስንት ጽሑፍ ያሳተምሁ ሰው ነኝ።»

አግዳሚው ጥቂት አሰበ፤ ለማስታወስ የምሩን እንደ ደከመ ከእንጨቱ መንቋቋት ያስታውቃል። «አላስታውስህም» አለ በመጨረሻ። «ወገብህ ግን ደስ የሚል ወገብ ነው። ና፣ አሳርፈው።»

ተቀመጥሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ዕረፍት በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። ጀርባዬ ከመደገፊያው ጋር የቆየ ዘመድ እንዳገኘ ተቃቀፈ፤ ጉልበቴ ውስጥ የሚቆጠቁጠው ነገር ሁሉ ረጭ አለ። ነፋሱ ልክ ነው፤ ፀሐዩ ልክ ነው። ሆኖም በተመቸኝ መጠን አንጀቴ ይቃጠል ነበር። እያንዳንዱ ምቾት ስድብ ሆኖ ተሰማኝ።

ከጎኔ አንዲት ደልደል ያሉ ወይዘሮ ተቀምጠው የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ትካዜዬን አይተው ጥቂት ዘገኑና ሰጡኝ።

«ታንጉት እባላለሁ» አሉ። «እርስዎ ለዚህ አገር እንግዳ ነዎት መሰለኝ። ሳይነሡልዎት ቢቀሩ ያዝናሉ እንዴ?»

«ለእርስዎስ ተነሥተውልዎት ያውቃሉ?»

«ዱሮማ! የደጃዝማች ባለቤት ነበርኩ እኮ። ከቤቴ ከወጣሁ ቁጭ የምልበት የለኝም፤ የረገጥኩበት ሁሉ ብድግ ይላል። አንድ እሑድ ገና ከሩቅ ሲያየኝ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግንቡ በሙሉ ተነሣ! ምእመኑ በምን ይግባ፣ በምን ይውጣ? ቄሱ 'እባክዎ እሜቴ፣ ቤትዎ ሆነው ይጸልዩ' አሉኝ።»

«ታዲያ እንዴት ዳኑ?»

«ስሜን አጠፋሁታ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ቀላል እንዳይመስልዎት ወንድሜ። ሠርግ ላይ እሪ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶ ላይ እስክስታ ወረድኩ። መጀመሪያ ማን አምኖኝ! 'ትሕትናቸው ነው፣ ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው' እያሉ ጭራሽ ባሰባቸው። በመጨረሻ የጎረቤቴ ሠራተኛ ወጥ ቤት ደጅ ላይ ቆማ ሁለት ቃል ሰደበችኝ። ሁለት ቃል፣ በቃ! በነጋታው ወጥቼ ብቀመጥ፣» እያሉ አግዳሚውን መታ መታ አደረጉት፣ «ይኸው እንደዚህ ዝም። እርስዎ ግን የታደሉ ነዎት፤ ሳይለፉ ነው ያገኙት።»

ሳይለፉ! ቆሎው አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነ።

ወዲያው ከላይ በኩል ሆታ ይሁን ነጎድጓድ ያልለየሁት ድምፅ መጣ። ቀና ብዬ ባይ፣ ነፋስ ያስተኛው ገብስ ቀና እንደሚል፣ የጎዳናው አግዳሚዎች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ተራ በተራ ይነሣሉ። «ኖር! ኖር! ኖር!» የኛው አግዳሚ በጆሮዬ «ይቅርታ አድርግልኝ» ብሎ ሹክ አለኝና እሱም ተነሣ። እኔና ወይዘሮ ታንጉት እግረኛ መንገዱ ላይ ተዘረገፍን፤ ቆሎውም ተበተነ።

«መጡ» አሉ ወይዘሮ ታንጉት፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ። «እኝህ ሰውዬ ባለፉ ቁጥር እንዲህ ነው። እኔስ ለምጄዋለሁ።»

«ማናቸው?» አልሁ። ግን ዐውቄው ነበር። እንግዳወርቅ ነው።

እንግዳወርቅና እኔ በአንድ ዴስክ ነው የተማርነው። ወጣት ሳለን፣ ካፌ የሚያስገባ ነገር በሁለታችንም ኪስ ውስጥ ስላልነበረ፣ ከጎዳና ጎዳና እየዞርን የምንቀመጥበት ድንጋይ እንፈልግ ነበር። ድንጋይ ስናገኝ እየተጋፋን እንቀመጥና ስላነበብናቸው መጻሕፍት እስኪመሽ እንከራከራለን። ከዚያ ወዲህ ዕድል እኔን ልትጎበኝ በተነሣች ቁጥር መንገድ ላይ እሱን ታገኘዋለች። እኔ ያሰብሁትን እሱ ይጽፈዋል፤ እኔ የጻፍሁትን ሰዉ በእሱ ስም ያስታውሰዋል። በሰው ፊት «ወዳጄ» እለዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ስሙን አልጠራም።

እያነከሰ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል፤ የጫማው አፍንጫ ተቀዶ ያበጠ ጣቱ ይታያል።

«በእግዜር፣ በእግዜር» ይላል በደከመ ድምፅ። «ኧረ በሞቴ፣ ተቀመጡ!»

«እርስዎ ቆመው እኛ?» አሉ አግዳሚዎቹ በአንድ አፍ።

«እኔማ መቀመጥ ነው የምሻው!»

«አይ ትሕትና!» ተባባሉና ጭራሽ ቀጥ አሉ።

አንዱን አግዳሚ በሁለት እጁ ይዞ ሊወጣበት ሞከረ፤ እንደ ሸርተቴ አንሸራተተው። መሬት ላይ ልቀመጥ ብሎ ጎንበስ ሲል የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ራሱ «ኖር!» ብሎ ከሥሩ ተነሣና መልሶ በእግሩ አቆመው። ያን ጊዜ ነው እኔን ያየኝ።

«ተካልኝ!» ብሎ ጮኸ። «ተካልኝ፣ አንተ የታደልክ! ቁጭ ብለሃል እኮ!»

የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። «ቀልድህን ለአድናቂዎችህ» አልሁት።

«በእናቴ አልቀለድኩም። ቁጭ ያልኩበትን ቀን ረስቼዋለሁ። ቆሜ ነው የምበላው፣ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ እንደ ፈረስ ቆሜ ነው የማንቀላፋው። ስንት ጊዜ በዚህ ሳልፍ አይቼሃለሁ መሰለህ፤ ጀርባህን ደገፍ አድርገህ፣ እግርህን ዘርግተህ። ቀንቼብሃለሁ፣ ተካልኝ። ሌሊት ሌሊት አንተን እያሰብኩ ነው የማልተኛው።»

ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ዘንድ ይገባ ነበር። ነገር ግን ሌላ ነገር ነው የተሰማኝ። ዝናውን ይውሰድ፣ ሽልማቱን ይውሰድ፤ ቅናት እንኳ የብቻዬ ንብረት ነበር። ለዓመታት በጓዳዬ ያሳደግሁትን ይህንን አንድ ነገር እንኳ እሱ ከእኔ የተሻለ አድርጎ፣ ሳያፍር፣ በሰው ፊት ይዞት ወጣ።

«ስደበኝ» አለኝ።

«ምን አልህ?»

«ስደበኝ። አዋርደኝ። እነዚህ አግዳሚዎች ፊት ስሜን አጥፋልኝና ልረፍ። ካንተ የተሻለ ይህን ማን ይችልበታል? ተዘጋጅተህበት የቆየህም ይመስለኛል።»

«እንዴት እንዲህ ታስበኛለህ!» አልሁት። ስድቡ ግን አፌ ውስጥ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ከመሬት ተነሣሁ፤ ድምፄን ሞረድሁ። «ስሙ!» አልሁ። «ይህ ሰው ከሌላው ማሳ ቃርሞ ጎተራውን የሞላ ነው! ሐሳቡ የተውሶ ካባ ነው፤ ለትከሻው ሰፍቶት መሬት ይጠርግበታል! ብዕሩ የገደል ማሚቶ ናት፤ ሌላው ጮኾ ካልሰማች አትናገርም! ጥልቀቱም የዝናብ ማግስት ኩሬ ነው፤ ሰማይ ስለታየበት ብቻ ጥልቅ የመሰለ፣ የሕፃን ቁርጭምጭሚት የማያርስ!»

የመጨረሻይቱን ከሁሉ አስበልጬ አስቀምጫት ነበር። ስናገራት ድምፄ በደስታ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ አንድ ያረጀ አግዳሚ ቀስ ብሎ «እንዲህ ተጠንቅቀው የተሰደቡ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

«ስንት ሌሊት ቢታሰብበት ነው!» አለ ሌላው።

«ለተራ ሰው እንዲህ አይደከምም!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍረኛል። አግዳሚዎቹ ከቆሙበት በጣቶቻቸው ጫፍ ከፍ አሉ። የመንገድ መብራት ምሰሶዎች አንገታቸውን አሰገጉ። የተሰለፉት ታክሲዎች ሁሉ በኋላ ጎማቸው ቀጥ ብለው ቆሙና በጡሩምባቸው «ኖር!» አሉ። እንግዳወርቅ ራሱን ያዘ።

«ምን አደረግኸኝ፣ ተካልኝ!»

ወይዘሮ ታንጉት ከመሬት ቆሏቸውን እየለቀሙ ተቆጡኝ። «አይ እርስዎ! ስደብ ቢሉዎት ቅኔ ይዘርፋሉ?»

እንግዳወርቅ ግን ተስፋ አልቆረጠም። «እንግዲያው ላንተ ይነሡልህ» አለ። «እኔ ላመስግንህ። ምናልባት ወዳንተ ዞረው ይረሱኝ ይሆናል።»

«እንደ ፈቀድህ» አልሁ፣ ግድ የሌለኝ ለመምሰል እንጦጦን እያየሁ።

«ይህ ሰው ወዳጄ ነው» አለ እንግዳወርቅ። «ወጣት ሳለን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲናገር የሰማሁትን ያህል ከማንም ከምንም አልተማርኩም። ሳነብብም ስጽፍም ሳስብም፣ ተካልኝ ምን ይለው ነበር እያልኩ ነው።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ አንዳች ማታለል አልነበረም፤ ነገሩ ከዚያ ወዲህም ይቆጠቁጠኛል።

አግዳሚዎቹ ተያዩ። በእኔ በኩል ያሉት አንድ በአንድ፣ እያዛጉ፣ ዝቅ ዝቅ አሉ። አንዱ ከሥሬ ገብቶ አስቀመጠኝ። ሌላው ከየት እንዳመጣው እንጃ የሱፍ መከዳ ወገቤ ላይ ሻጥ አደረገልኝ። «ወዳጁ ነው ያመሰገነው፤ ምን ያድርግ» ሲል ሰማሁት። ከፊተኛው ይልቅ እጥፍ ተመቸኝ።

ያን ጊዜ የአገሩ ሕግ ገባኝ። በዚህ ከተማ ብዙ የታሰበበት ስድብ ያስነሣል፤ የወዳጅ ምስጋና ያስቀምጣል። እንግዳወርቅም ገብቶታል፤ እንደ ወትሮው ከእኔ ቀድሞ።

«ተካልኝ፣» አለ፣ ሁለት መዳፎቹን አገናኝቶ፣ «አንድ በጎ ቃል። አንድ ብቻ። እውነተኛ ከሆነች ትበቃኛለች፤ ሁሉም ይቀመጣሉ፣ እኔም እቀመጣለሁ።»

ሚዛኑን አየሁት። አንድ ቃል ብተነፍስ ያ የቆመ ጎዳና ሁሉ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ለእንግዳወርቅ የሚነሣ አይኖርም፤ እንደ እኔው ያልታወቀ ሆኖ ቆሎ እየቆረጠመ ይውላል። ስመኘው የኖርሁት ይኸው አልነበረምን? ዋጋውም አንዲት ምስጋና ናት። አፌን ከፈትሁ።

«እንግዳወርቅ…» አልሁ።

«እ?» አሉ አግዳሚዎቹ፣ ጆሯቸውን አቅንተው።

«እንግዳወርቅ… ጥሩ ጫማ መምረጥ ያውቃል።»

በጎዳናው ጫፍ የነበረ አንድ አግዳሚ ግራ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ።

«የእጅ ጽሑፉ ይነበባል።»

ሌላው ጣት የምታህል ወረደ።

«በሉ እንጂ ወንድሜ!» አሉ ወይዘሮ ታንጉት። «ለጎረቤት ዶሮ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይባላል!»

ትክክል ነበሩ። ከዚህ የተሻለ ነገር አውቅ ነበር። እንግዳወርቅ ከጻፋቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዲቱን በቃሌ ይዤአታለሁ፦ «ሰው ከተማውን የሚያውቀው ሲሄድበት አይደለም፤ ሲቀመጥበት ነው።» መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን ወረወርሁት። የእኔ መሆን ነበረባት። ዛሬም ገላዬን ስታጠብ፣ ሰልፍ ስጠብቅ፣ ሳላስበው በከንፈሬ ላይ አገኛታለሁ። «ይህችን ዐረፍተ ነገር ምነው እኔ በጻፍኋት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ቃሉ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እንግዳወርቅ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተጋደመ።

«…ቁመቱም ሸጋ ነው» አልሁ።

ሸብረክ ያሉት ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ወዲያው ሰውነቴ ባዕድ ሆነብኝ። ጉልበቶቼ እንደ ታጠፉ ደረቁ። ጀርባዬ እየሰፋ፣ እየተሰነጠቀ፣ ሳንቃ በሳንቃ ሆነ። ክንዶቼ ወደ ፊት ተዘርግተው አልታጠፍ አሉ፤ ባያቸው የተወለወለ ወይራ ናቸው። አንድ ሰው ከየት መጣ ሳልል አረንጓዴ ቀለም ቀብቶኝ ሄደ።

«ወይ ጉድ! አግዳሚ ሆኑ!» አሉ ወይዘሮ ታንጉት። ራቅ ብለው አዩኝና «ያምርብዎታል» አሉ።

ሌሎቹ አግዳሚዎች አልተደነቁም። አንዱ «ቀለሙ እስኪደርቅ አትንቀሳቀስ» ብሎ መከረኝ።

የእንግዳወርቅ ፊት በራ። እያነከሰ፣ እየሳቀ፣ እንባውን እየጠረገ ወደ እኔ መጣ።

«ተካልኝ! ወዳጄ!» አለ። «በዚህ ከተማ ካሉት አግዳሚዎች ሁሉ ለእኔ የማትነሣ አንተ ብቻ ነህ። ዐውቅሃለሁ እኮ! በዕድሜህ አንድ ቀን ተነሥተህልኝ አታውቅም። እግዜር ይስጥህ።»

ከዚያም ጀርባውን ሰጠኝ፤ የኮቱን ጫፍ ገለጥ አደረገ፤ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

ባልነሣ ይቀመጥብኛል። ከነዝናው፣ ከነካባው፣ ከነሙሉ ክብደቱ ጭኔ ላይ ተንፈላስሶ ይቀመጣል። የሚያልፈው ሁሉ «የእንግዳወርቅ አግዳሚ» ይለኛል። ምናልባትም በመደገፊያዬ ላይ ስሙን በነሐስ ጽፈው ይለጥፉብኛል፤ ሙሽሮችም መጥተው ፎቶ ይነሡብኛል። ብነሣ ደግሞ፣ በዚህች ከተማ ሳይነሣለት የቀረ የመጨረሻው ፍጡር፣ እኔ፣ ተነሣሁለት ማለት ነው። የመቀመጫው ጥላ ጭኔ ላይ ወደቀ። ሰፊ ጥላ ነበር። ወደ ታች ሲመጣ ፀሐዩን፣ እንጦጦን፣ ሰማዩንም ከለከለኝ።

ከምሸከመውስ ባከብረው ይሻለኛል አልሁ። ባለ በሌለ ኃይሌ የፊት እግሮቼን ከመሬት አላቀቅሁና፣ ጎዳናው እስኪያስተጋባ፣

«ኖር!»

ብዬ ብድግ አልሁ።

ብድግ እንዳልሁ ነቃሁ።

የቆምሁት በሁለት እግሬ ነው፤ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አዳራሽ መካከል። እንግዳወርቅ ስለ ከተማይቱ ማረፊያዎች የጻፈው አዲስ መጽሐፍ እየተመረቀ ነበር። እሱ መድረክ ላይ መነጽሩን አድርጎ ረጅሙን ምዕራፍ ሲያነብብልን እኔን እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። አሁን ንባቡን አቋርጦ፣ መጽሐፉን እንደ ያዘ፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። «ኖር» ያልሁት ድምፅ ገና ከጣሪያው አልወረደም። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል።

ቶሎ ልቀመጥ ጎንበስ አልሁ። ዘግይቻለሁ። ከፊተኛው ረድፍ አንድ በጣም ያረጁ ሰው ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ወንበሩን እየተደገፉ፣ «ልክ ነው፤ ኖር ይገባዋል» ብለው ተነሡ። ከእሳቸው ኋላ ያሉት ተነሡ። ከዚያ ረድፍ በረድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ፤ ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ከጎኔ የነበሩ አንዲት ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን እየጠረጉ «እንዲህ ነው እንጂ ጓደኝነት!» አሉኝ።

እንግዳወርቅ መነጽሩን አወለቀ። ያለቅስ ነበር።

የመድረክ መሪዋ ማይክሮፎን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ክቡራትና ክቡራን፣ እባካችሁ እንደ ቆማችሁ!» አለች። «ሁላችንንም ያስነሡን መምህር ተካልኝ ናቸው። ስለ ወዳጃቸው አንድ ቃል ሳይነግሩን አንቀመጥም!»

ማይክሮፎኑን በእጄ አስያዘችኝ። ጭብጨባው ተቋረጠ። ማንም አልተቀመጠም። የፊተኛው ረድፍ ሽማግሌ ጉልበታቸው እየተብረከረከ፣ በከዘራቸው ላይ ተንጠልጥለው፣ ዐይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም።

«እንግዳወርቅ…» አልሁ።